ደም ስሯ ከተዘጋ የወር አበባዋ በየት በኩል ይመጣል?

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፤ ከሰሉ ላይ ጀበና ተጥዷል። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣች የጎረቤት ልጅ ስለተደረገላት ሕክምና ለእናቷና ለቡና ጠጪዎቹ ታወራለች። ለዓመታት ከእምብርቷ በታች ሲከብዳት፣ ቆማ ስትውል ሲብስባት፣ ጋደም ስትል ደግሞ ሲቀላት ኖሯል። በመጨረሻ ሐኪሞች ማህፀኗ አካባቢ ያበጠ የደም ስር አገኙ። በቀጭን ቱቦ ገብተው ዘጉት። እናቷ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ታዲያ ደም ስርሽን ከዘጉት የወር አበባሽ በየት በኩል ይመጣል?» አሉ።

ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ሳስበው ግን የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ቧንቧ ሲዘጋ ውሃው ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ የሙያዬ ሀሁ ነው። እኚህ እናት የጠየቁት ልክ ያንኑ ነው። ደግሞም ተራ ጉዳይ አይደለም። የረመዳን ጾሟን ቆጥራ ለምታወጣ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀኗን ለምትጠብቅ ሴት፣ ልጅ ለምትፈልግም ሆነ ለጊዜው ለማትፈልግ ሴት የወር አበባ ቀን የኑሮ ሰሌዳ ነው። «ይዛባል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ እውነቷን ነው።

መልሱን ስፈልግ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ አላገኘሁትም። በዝንጀሮ ዓይን፣ በአይጥ ጭንቅላትና በበግ ማህፀን በኩል የሚዞር ረጅም ታሪክ ነው። ኑ፣ አብረን እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቅብ የሚሄድ ደም

ልብ ደምን በደም ቅዳ ቧንቧዎች እየገፋች ትልካለች። ደሙ ሥራውን ጨርሶ በደም መልስ ቧንቧዎች ይመለሳል። መላኩ ቀላል ነው፤ ፓምፕ አለው። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ቆመን ስንውል ከእግራችንና ከዳሌያችን የሚነሳው ደም የመሬትን ስበት ተቋቁሞ ሽቅብ መውጣት አለበት። ለዚህም በብዙዎቹ ደም መልሶች ውስጥ ትንንሽ ክዳኖች፣ ማለትም ቫልቮች አሉ። ደሙ ወደ ልብ ሲሄድ ይከፈታሉ፤ ወደ ታች ልመለስ ሲል ይዘጉበታል።

በጣሊያን ፓዱዋ ያስተምር የነበረው ፋብሪሺየስ በ1603 ስለ እነዚህ ክዳኖች መጽሐፍ አሳተመ። ክዳኖቹን በደንብ አይቷቸዋል፤ ሥራቸው ግን አልገባውም። ደሙ ወደ እግርና ወደ እጅ በኃይል እንዳይወርድ የሚያበርዱት መሰለው። ተማሪው የነበረው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ በ1628 ነገሩን ገለበጠው። ክዳኖቹ የሚፈቅዱት ወደ ልብ የሚደረገውን ጉዞ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደም ዞሮ ይመለሳል አለ። አንድ ዓይነት ክዳን፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። ይህን ያዙት፤ በኋላም «የሚፈሰው ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመለስብናል።

አሁን ወደ ዳሌ እንውረድ። ሴት ልጅ እንቁላል የሚያዘጋጁ ሁለት ዕጢዎች አሏት፤ እንቁልጢ ይባላሉ። ከቀኙ እንቁልጢ የሚወጣው ደም መልስ በቀጥታ ሆድ ውስጥ ካለው ትልቅ ደም መልስ ጋር ይቀላቀላል። የግራው ግን ረዘም ያለ መንገድ ይወጣና ከግራ ኩላሊት በሚመጣው ደም መልስ ላይ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይገጥማል። ጅማ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። አዌቱ ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ፣ ከጎኑ የሚገባው ትንሽ ቦይ መግቢያ አጥቶ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። የግራውም ደም መልስ ነገር እንደዚያ ነው።

በዚህ ላይ እርግዝና ይጨመራል። በእርግዝና ጊዜ እነዚህ ደም መልሶች የሚያስተላልፉት ደም እስከ 60 እጥፍ ሊያድግ እንደሚችል ይነገራል። ቧንቧው ይሰፋል፤ የክዳኖቹ ሁለት ከንፈሮች ይራራቃሉ። ከወሊድ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሰፍተው ይቀራሉ። ያኔ ደሙ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ማህፀን አካባቢ ይወርድና ይጠራቀማል። ችግሩ ከአንድ በላይ በወለዱ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ለዚህ ነው። እግር ላይ የሚወጣውን ያበጠና የተጠማዘዘ የደም ስር አይታችኋል አይደል? ያ ነገር ዳሌ ውስጥ ሆኖ፣ ማንም የማያየው ሲሆን ማለት ነው።

ስትተኛ የሚጠፋ ሕመም

ፈረንሳዊው ሐኪም ሪሼ በማህፀን አካባቢ ስላበጡ የደም ስሮች የጻፈው በ1857 ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ያህል ነገሩ ብዙ አልተራመደም። በ1949 አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ሃዋርድ ቴይለር ጉዳዩን እንደገና አነሳው። የሴቶቹ ሕመምና የደሙ መጠራቀም የተያያዙ መሆናቸውን በዝርዝር ጻፈ። ትልቅ እርምጃ ነበር። የመነሻውን ምክንያት ግን በስሜት ውጥረት ላይ አሳረፈው። ጭንቀት ነርቭን ያውካል፣ ነርቭ የደም ስርን ያውካል የሚል ሐሳብ ነበር።

ይህ ሐሳብ በብዙ ሴቶች ላይ ጉዳት አድርሷል። «ሃሳብ ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለውን መልስ ከፈረንጅ አገርም ከኛም የሰማችው ሴት ስንት ትሆን? ከወለደች በኋላ የጀመራትን ሕመም «ስትወልጂ ይተውሻል» ማለት ደግሞ ይባስ ነው።

ሐኪሞቹ ክፉ ስለሆኑ ነው እንዳትሉ። የመመርመሪያው መንገድ ራሱ ያሳስታል። ሴትየዋ አልጋ ላይ ትተኛለች። ስትተኛ ስበቱ ይቀንሳል፤ የተጠራቀመው ደም ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ያበጠው የደም ስር ይሟሽሻል። በቀዶ ሕክምና ሆድን ከፍቶ ወይም በትንሽ ካሜራ አይቶ ማረጋገጥ ሲፈለግም እንደዚያው ተኝታ ነው፤ አንዳንዴም ጭንቅላቷ ዝቅ፣ እግሯ ከፍ ብሎ። ሕመሙ የሚታየው ስትቆም፣ ምርመራው የሚደረገው ስትተኛ! አንድ ድልድይ ላይ መኪና ሲያልፍ የሚሰነጠቅ ነገር አለ ተብሎ፣ መንገዱን ዘግቶ መኪና በሌለበት ሰዓት እንደ መመርመር ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ራሱ የወር አበባ ነው። «ወርሽ ይመጣል?» «ይመጣል።» «በጊዜው?» «በጊዜው።» «እንግዲያው ደህና ነሽ።» ዑደቱ ስላልተዛባ ሕመሙ የለም ተባለ። ይህ ስህተት መሆኑን ወደ ታች ስንወርድ እናያለን።

ነገሩ የተቀየረው ደም ስሮቹን በሥዕል ማየት ሲቻል ነው። በለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ቢርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጣ። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ እየሰጡ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሴቶች አነሱ። በአብዛኞቹ ላይ የሰፉና ደሙ የሚዘገይባቸው የደም ስሮች ታዩ። ሕመሙ ፎቶ ተገኘለት ማለት ነው።

ሕክምናው ግን ከባድ ነበር። አንዱ መንገድ እንቁልጢዎቹን በሆርሞን መድኃኒት ለጊዜው ማስተኛት ነው። ሌላው፣ እነ ቢርድ በ1991 የጻፉበት፣ ማህፀንንና ሁለቱንም እንቁልጢዎች ማውጣት ነበር። ሕመሙ ይቀንሳል፤ የወር አበባ ግን እስከ መጨረሻው ይቆማል፣ ልጅ መውለድም ያበቃል። ለአንዲት የ30 ዓመት ሴት ይህ ምን ዓይነት ምርጫ ነው?

መሪው ሽቦ

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። በ1929 ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ቨርነር ፎርስማን ቀጭን ቱቦ በራሱ ክንድ ደም መልስ አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋው፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሳ። በጊዜው ብዙ አልተመሰገነበትም። በ1956 ግን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በ1953 ስዊድናዊው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር አንድ ቀላል ዘዴ አሳተመ። መርፌ ታስገባለህ፤ በመርፌው ውስጥ ለስላሳ ሽቦ ታሳልፋለህ፤ መርፌውን ታወጣለህ፤ በሽቦው ላይ ቱቦውን ታንሸራትታለህ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ገመድ ሲስብ መጀመሪያ መሪ ሽቦ የሚያሳልፈው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ይገባዋል። ዛሬ የዓለም ሐኪሞች ሰውን ሳይከፍቱ በደም ስር ውስጥ የሚሠሩት አብዛኛው ሥራ በዚህ ዘዴ ይጀምራል።

በ1975 ደግሞ ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ይሠራ የነበረው ቼዛሬ ጃንቱርኮ ክር የተያያዘበት ትንሽ ጥቅልል ሽቦ ሠራ። ሽቦው በቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲወጣ እንደ ምንጭ ይጠቀለላል፤ ክሩ ላይ ደም ይረጋል፤ ቧንቧው ይደፈናል።

እነዚህ ሁሉ ተገናኝተው፣ በ1993 ኤድዋርድስ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ አንዲት ሴት አጭር ዘገባ ጻፈ። የእንቁልጢዋ ደም መልስ በዚህ መንገድ ተዘጋ፤ ሕመሟ ተሻለ። ሆድ አልተከፈተም፤ ማህፀን አልወጣም። የጊንጆዋ ልጅ የተደረገላት የዚህ ሕክምና ታናሽ ወንድም ነው።

እሺ፤ ከዘጉት በኋላስ?

የሚደማው ዓይን

የእናትየውን ጥያቄ ለሁለት እንክፈለው። አንደኛ፣ የወር አበባ ደም ከየት ነው የሚመጣው? ሁለተኛ፣ ቀኑን የሚወስነው ማነው?

ለመጀመሪያው፣ በ1940 አሜሪካዊው ማርኪ ያሳተመው ሥራ የሚገርም ነው። ከዝንጀሮዎች ማህፀን የውስጥ ሽፋን ትንሽ ቁራጭ ወስዶ እዚያው በዝንጀሮዋ ዓይን ውስጥ፣ ከፊት ባለው ውሃማ ክፍል ተከለው። ቁራጩ በቀለ። ማርኪ በዓይኑ መስታወት በኩል በአጉሊ መነጽር እያየ ወሩን ጠበቀ። የዝንጀሮዋ ወር ሲደርስ፣ ማህፀኗ ሲደማ፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁራጭም አብሮ ደማ!

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ያ ቁራጭ ከዳሌ የደም ስሮች ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ዓይን ውስጥ ነው ያለው። የደማው ግን በቀኑ ነው። ስለዚህ የወር አበባ በእንቁልጢ ደም መልስ በኩል የሚወርድ ደም አይደለም። ማርኪ እንዳየው፣ ማህፀን የውስጥ ሽፋኑን የሚመግቡ የተጠማዘዙ ትንንሽ ደም ቅዳዎች አሉ። ሆርሞን ሲቀንስ ይኮማተራሉ፤ ሽፋኑ ምግብ ያጣል፤ ይፈርሳል፤ ይደማል። ትዕዛዙ የሚደርሰው በመላ ሰውነት በሚዞረው ደም ነው፤ ለዚህ ነው ዓይን ድረስ የደረሰው።

አዛዡ ደም ስር

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያስገርማል። ምክንያቱም የዑደቱን ቀን በእርግጥ የሚወስኑ ደም መልሶች አሉ። ግን ዳሌ ውስጥ አይደሉም፤ አንጎል ሥር ናቸው።

ከአንጎላችን በታች፣ ከአፍንጫችን ጀርባ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። ለእንቁልጢዎች ትዕዛዝ የምትልከው እሷ ናት። ከበላይዋ ያለው የአንጎል ክፍል ሃይፖታላመስ ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኙ በጣም ትንንሽ የደም ስሮች አሉ። እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ የአንጎል ትዕዛዝ ወደ ዕጢዋ የሚወርደው በነዚህ የደም ስሮች ነው አለ። ብዙዎች አላመኑትም። ምክንያቱም አንዳንዶች ግንኙነቱን ሲቆርጡ የእንስሳቱ ዑደት ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ሃሪስ ይህን በ1950 ባሳተመው ሥራ ፈታው። በሴት አይጦች ላይ ግንኙነቱን ቆረጠ። ከዚያ በአንዳንዶቹ ላይ በመሐል ትንሽ የሰም ወረቀት አስገባ። ወረቀት ያልገባላቸው ላይ የደም ስሮቹ እንደገና በቀሉ፤ ዑደቱም ተመለሰ። ወረቀቱ በደንብ የከለላቸው ላይ ግን የደም ስሮቹ መብቀል አልቻሉም፤ ዑደቱም ቀረ። ይህን የመሰለ ንጹህ ሙከራ የምህንድስና ላቦራቶሪ ውስጥም በቀላሉ አይገኝም። በነዚያ የደም ስሮች የሚወርደው መልእክተኛ ሆርሞን በ1971 ማንነቱ ታወቀ፤ ጊየሜንና ሻሊ በ1977 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ይህ የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሐኪሙ ሃሮልድ ሺሃን በ1937 እንደጻፈው፣ ሴት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት ይህች አተር የምታህል ዕጢ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች። ያኔ ጡቷ ወተት አያወጣም፤ የወር አበባዋም አይመለስም። ወሊድ ላይ ብዙ ደም መፍሰስ በሚያጋጥምባቸው እንደኛ ባሉ አገሮች ይህን ማወቅ ሕይወት ያድናል። ዑደት ሲቀር ሁልጊዜ ማህፀንን ብቻ መጠርጠር የለብንም።

በግ ብትሆንስ?

አሁን «የዳሌ ደም ስር ዑደትን አይነካም ማለት ነው?» ብላችሁ ልትደመድሙ ነው። አንዴ ቆዩ። በግ ላይ ይነካል።

በግ እንቁላል ከለቀቀች በኋላ በቦታው ቢጫ አካል የሚባል ጊዜያዊ ዕጢ ይቀራል። እሱ እስካለ ድረስ አዲስ ዑደት አይጀመርም። በጓ ካላረገዘች ማህፀኗ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ያመርትና ቢጫውን አካል ያፈርሰዋል። የሚገርመው መንገዱ ነው። ከማህፀን የሚወጣው ደም መልስና ወደ እንቁልጢ የሚገባው ደም ቅዳ ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ ፕሮስታግላንዲኑ በመሐላቸው ያለውን ግድግዳ ተሻግሮ በቀጥታ እንቁልጢዋ ዘንድ ይደርሳል። ማክራከንና ባልደረቦቹ በ1972 ይህን አሳዩ። እነዚያን ሁለት ቧንቧዎች በቀዶ ሕክምና የለያየ ሰው የበጓን ዑደት ያራዝመዋል።

ላምም እንደዚያው ናት። አገራችን ውስጥ ላሞችን በአንድ ጊዜ ለማዳቀል ባለሙያዎች የሚወጉት ሆርሞን ይኸው ፕሮስታግላንዲን ነው። ጅማ ዙሪያ የወተት ላም ያለው ቤት ይህን መርፌ ሳያውቅ አይቀርም።

ሴት ልጅ ግን በግ አይደለችም። ማህፀኗ የወጣ ሴት እንቁልጢዎቿ ካልተነኩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚቀረው መድማቱ ብቻ ነው። ማለትም የሰው እንቁልጢ ዑደቱን ለመጨረስ የማህፀንን ትዕዛዝ በዚያ የጎን መንገድ አይጠብቅም። በእንስሳ ላይ የታየውን ሁሉ ወደ ሰው መገልበጥ አይቻልም የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይህንንም የሚያረጋግጠው ሴቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ብቻ ነው።

ጠየቋቸው

በ2002 አሜሪካዊው አንቶኒ ቬንብሩክስና ባልደረቦቹ የእኚያን የጊንጆ እናት ጥያቄ በትክክል የጥናታቸው ርዕስ አደረጉት። የእንቁልጢንና የዳሌን ደም መልሶች መዝጋት በሕመምና በወር አበባ ዑደት ላይ ምን ያመጣል? 56 ሴቶች ታከሙ። ሕመሙ ቀነሰ። በዑደቱ ላይ ጎላ ያለ ለውጥ አልታየም። በ2006 ኪምና ባልደረቦቹ ሕክምናው የተደረገላቸውን 127 ሴቶች ለዓመታት ተከታተሉ። ከ100ው 83 ያህሉ እንደተሻላቸው ተናገሩ። ፒቱታሪ የምትልካቸው ትዕዛዞችና የእንቁልጢው ኢስትሮጅን በደም ሲለኩ እንደ በፊቱ ነበሩ።

ለምን? የቧንቧው ነገር ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ እንቁልጢ ደሙን የሚያወጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከማህፀን ደም መልሶች ጋር በብዙ ቅርንጫፎች ተያይዟል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይቀበላል፤ ሆርሞኑም በዚያ ወጥቶ ልብ ዘንድ ይደርሳል። ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል። የተዘጋው ቧንቧ እኮ ቀድሞውኑ ወደ ኋላ ነበር የሚፈሰው! ደሙን ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ አልተዘጋም፤ ወደ ታች የሚያፈስ ቀዳዳ ነው የተደፈነው። የፋብሪሺየስንና የሃርቬይን ክርክር አስታወሳችሁ? ቧንቧውን ማየት አይበቃም፤ አቅጣጫውን ማወቅ ነው።

እነዚህ ጥናቶች ትልልቅ አይደሉም፤ ብዙዎቹም ያልታከሙ ሴቶችን ጎን ለጎን አላወዳደሩም። ስለዚህ «በማንም ላይ ምንም አይለወጥም» የሚል ማኅተም አይሰጡም። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሆድ ሊያም፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል። የሚቀጥለው ወር ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ የማንኛዋም ሴት ዑደት በጭንቀት፣ በጉዞና በሕመም ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ማስታወስ ነው። ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ከ24 እስከ 38 ቀን ያለውን ዑደት የተለመደ ይለዋል። ወሩ ከቀረ ግን መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፤ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የእግር እብጠት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አንድ መምታታትም እናጥራ። በ1995 ፈረንሳዊው ራቪና ስለ ማህፀን ዕጢ ሕክምና ያሳተመው የተለየ ነው፤ እዚያ የሚዘጋው ወደ ማህፀን ደም የሚያመጣው ደም ቅዳ ነው። ከዚያ ጋር የተያያዘ የወር አበባ ለውጥ፣ በተለይ ወደ 50 ዓመት በተጠጉ ሴቶች ላይ፣ በደንብ የታወቀ ነው። «ደም ስሬን ዘጉት» ስትባሉ «የትኛውን? የሚያመጣውን ወይስ የሚመልሰውን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀስቱ ወደዚያ ነው

ወደ ቢርድ ዘመን እንመለስና አንድ ነገር እንይ። እንቁልጢዎችን በሆርሞን ለጊዜው ማስተኛት ሕመሙን ይቀንስ ነበር ብያለሁ። ብዙ ሴቶችም ሕመሙ ወር ሊመጣ ሲል እንደሚብስ፣ ካረጡ በኋላ ደግሞ እንደሚለቃቸው ይናገራሉ። ምክንያቱ ኢስትሮጅን ደም መልሶችን ስለሚያላላ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ዑደቱና የደም ስሮቹ ግንኙነት አላቸው፤ ግን ቀስቱ እኛ ከገመትነው ተቃራኒ ነው። ዑደቱ የደም ስሮቹን ይነካል፤ የደም ስሮቹ ዑደቱን አያዙም።

ይህ ከገባን «ወርሽ በጊዜው ከመጣ ደህና ነሽ» የሚለው አባባል ለምን ስህተት እንደሆነ ይገባናል። አንጎሏ ያዛል፣ እንቁልጢዎቿ ይሰማሉ፣ ማህፀኗ በቀኑ ይደማል። ከዚያ ሁሉ ጎን ግን አንድ ቧንቧ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ያሠቃያታል። የተስተካከለ ዑደት የምሥክር ወረቀት አይደለም። በ2021 የዘርፉ ባለሙያዎች ተሰብስበው የቆዩትን ግራ አጋቢ ስሞች ትተው ችግሩን በምልክቱ፣ በቦታውና በደሙ አካሄድ የሚመድቡበትን አዲስ አከፋፈል አወጡ፤ «ጭንቀት» የሚል ምድብ የለበትም።

የደም ስር መዝጊያው መሣሪያ በየከተማችን የሚገኝ አይደለም፤ ለሁሉም ሴት የሚያስፈልግም አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። «ቆመሽ ስትውይ ይብስብሻል? ስትተኚ ይቀልሻል? ከስንተኛው ልጅ በኋላ ጀመረሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አልትራሳውንድ ካለም ሴትየዋን አንዴ አቁሞ ማየት ነው። ሌሎች ምክንያቶችን፣ ኢንፌክሽንንም ሆነ የማህፀን ዕጢን፣ ለይቶ ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ቡና ላይ ለእኚያ እናት መልሱን ነገርኳቸው። «በነበረበት በኩል ይመጣል፤ የዘጉት ወደ ኋላ የሚፈሰውን ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞረው «ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ እውነትሽን ነበር የሚያምሽ» አሏት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ስኒዋን ለሦስተኛው ዙር አቀረበች።